ልማትና ባህል በአርሲ ደጋ፦ የጭላሎ ልምድና የትምህርት ቤቱ ድርሻ

መግቢያ

ስለ ገጠር ልማት በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ የአርሲን ያህል ደጋግሞ የተጠቀሰ የኢትዮጵያ ክፍል ጥቂት ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ ካዱ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሰላ አድርጎ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የእርሻ፣ የምጣኔ ሀብትና የፖለቲካ ተመራማሪዎች ድርጅቱን ከብዙ አቅጣጫ መርምረውታል። ምን ያህል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ምን ያህል ምርት እንደተገኘ፣ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ ተጽፏል። ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ከነዚህ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል፤ ይኸውም፦ ልማቱን የነደፉት ሰዎች የአካባቢውን ሕዝብ ዕውቀት፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ሥርዓት እንደ ምን ቆጠሩት? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ የሚነደፈው መርሐ ትምህርት፣ የሚታተመው መማሪያ መጽሐፍና ወደ ገጠር የሚላከው ወጣት መምህር ይህንኑ ጥያቄ እንደገና ይመልሳሉ። ስለዚህ የጭላሎን ልምድ ከባህልና ከትምህርት አንጻር መመርመር ለዛሬው ሥራ ጠቃሚ ይሆናል።

የአካባቢው ገጽታ

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ጉዞ በቆሎና ማሽላ ከሚዘራበት ቆላ ተነሥቶ ስንዴው ወደሚያጸድቅበት ወይና ደጋና ደጋ፣ ከዚያም ገብስ ወደሚበቅልበት ውርጭ፣ በመጨረሻም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሱት የጭላሎ፣ የጋላማና የካካ ተራሮች ግጦሽ ይደርሳል። የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ኑሮ በዚህ የከፍታ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከብት የሀብት ብቻ ሳይሆን የጋብቻ፣ የካሣና የክብር መለኪያ ነበረ። የትኛው ሣር በየትኛው ወር እንደሚበላ፣ የትኛው ምንጭ ለከብት የትኛው ለሰው እንደሚሆን ማወቅ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር፤ ትምህርት ቤት ባይባልም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አርሲ በጦርነት ከሸዋው መንግሥት ግዛት ጋር ከተዋሐደ በኋላ የመሬቱ ይዞታ ተለወጠ። ሰፊ መሬት ለጦር አለቆች፣ ለመኳንንትና ለሰፋሪዎች ተሰጠ፤ ብዙው የአገሩ ነዋሪም በአባቶቹ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነ። ካዱ ወደ ጭላሎ ሲመጣ ያገኘው ገበሬ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለርስቱ የሚያስረክብ፣ በፍርድ ቤትና በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚነገረው ቋንቋም ከቤቱ ቋንቋ የተለየበት ሰው ነበር።

የካዱ ሥራና ውጤቱ

የካዱን ሥራ በሚዛን ለመመልከት በመጀመሪያ መልካም ጎኑን መጥቀስ ተገቢ ነው። ድርጅቱ ዓላማው አነስተኛ ገበሬዎችንና ጢሰኞችን መርዳት እንደሆነ በግልጽ አስታውቆ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የእህል ግዢና የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎችን አቋቋመ፤ መንገድ ጠረገ፤ ውኃ አወጣ፤ የከብት ሕክምናና የከብት ዝርያ ማሻሻያ ሥራ አካሄደ። ከአሰላ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት ላይ የሚገኘው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ ዛሬም ለመላው አገር የስንዴ ዝርያ በማውጣት የታወቀ ነው። አርሲ የስንዴ አገር ተብሎ መጠራቱ የዚያ ዘመን ጥረት ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ስንዴው ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር ትርፉ የሳበው ገበሬውን ብቻ አልነበረም። ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ትራክተርና ከፍ ያለው የእህል ዋጋ ባለርስቶችን መሬታቸውን ራሳቸው እንዲያርሱ አነሣሣቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ጢሰኞች ከይዞታቸው ተፈናቀሉ፤ የወል ግጦሽም ታረሰ። ጢሰኛውን ይጠቅማል የተባለው ልማት ጢሰኛውን ከመሬቱ አስነሣው። የስዊድን መንግሥት የጢሰኞችን መብት የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ አጥብቆ ቢጠይቅም፣ ረቂቁ በባለርስቶች በተሞላው ምክር ቤት ውስጥ ሳይጸድቅ ቆየ። ጢሰኝነት የቀረው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ከአዋጁ በኋላ ድርጅቱ ስሙን ለውጦ ሥራውን ወደ መላው አርሲ አሰፋ። ነገር ግን ገበሬው ከባለርስቱ ከተላቀቀ በኋላ የመጡት የአምራቾች ማኅበራት፣ የመንግሥት እርሻዎችና በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የተካሄደው የመንደር ምሥረታ አንድ የጋራ ባሕርይ ነበራቸው፤ ሁሉም የተነደፉት ከላይ ነው። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ቤቶች በገመድ በተለካ መስመር ተሠሩ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ በረት ከግጦሽ፣ ቤት ከአባቶች መቃብር ያላቸው ግንኙነት በካርታው ላይ አልተሳለምና በዕቅዱም አልተቆጠረም። መንግሥት ቢለወጥ፣ ርእዮተ ዓለም ቢለወጥ፣ ያልተለወጠው ነገር የአካባቢውን ሰው እንደ ተቀባይ ብቻ የመመልከት ልማድ ነበር። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የነዚህ ዕቅዶች ደራሲያን አብዛኞቹ ባለቤቱን ለመናቅ አላሰቡ ይሆናል፤ አጥሩን ሲነቀንቁ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

ማስፋፋት ወይስ መነጋገር?

የብራዚሉ የትምህርት ፈላስፋ ፓውሎ ፍሬሬ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቺሊ ሳለ የእርሻ ማስፋፊያ ሥራን የሚተች ድርሰት ጽፎ ነበር። ክርክሩ በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። «ማስፋፋት» የሚለው ቃል ዕውቀት ያለው ወገን ዕውቀት ለሌለው ወገን የሚያደርስ መሆኑን አስቀድሞ ይወስናል፤ ገበሬው ስለ መሬቱ የሚያውቀውን እንደ ባዶ ይቆጥራል፤ ስለዚህም ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ወረራ ይሆናል። እውነተኛ ትምህርት በሁለት አዋቂዎች መካከል የሚደረግ ንግግር ነው።

ይህን ሐሳብ በአርሲ ለመፈተን አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ይበቃል። በካዱ ሥር በአሰላ የተቋቋመው የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ክፍል የገበሬውን ማረሻ የሚተካ የተሻለ ማረሻ ለመሥራት ብዙ ደክሟል። መሐንዲሶቹ በቅንነት ሠርተዋል። ገበሬው ግን በአመዛኙ ከቀድሞው መሣሪያ አልተለየም። ምክንያቱን ለመረዳት ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን፣ እርፉንና ወገሉን አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። ከብረቱ በቀር ሁሉም በአቅራቢያው ካለው እንጨትና ጠፍር ይዘጋጃሉ፤ ሲሰበር ባለቤቱ ራሱ ይጠግነዋል፤ ብረቱ ሲዶለዱም የመንደሩ ቀጥቃጭ ይስለዋል፤ ማታ ገበሬው በትከሻው ተሸክሞት ይገባል፤ ድንጋያማና ገደላማ መሬት ላይም ይሠራል። መሣሪያው የድህነት ምልክት ሆኖ የታያቸው ሰዎች የረጅም ዘመን የምሕንድስና ውጤት መሆኑን አላስተዋሉም። ስለዚህ የሚተካው ነገር አዲስ ከመሆኑ በፊት አሮጌው ምን ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ነበረበት።

ሌላው ምሳሌ ወተት ነው። በአርሲ ቤት ወተትና ቅቤ በልማድ የሴቲቱ ይዞታ ናቸው፤ የሚናጠውን፣ የሚጠጣውንና የሚሸጠውን የምትወስን እርስዋ ናት። ወተት በብረት ዕቃ ተለክቶ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ በሚሄድበት ጊዜ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል? ይህ ጥያቄ ከላሟ ዝርያና ከወተቱ የቅባት መጠን ጋር እኩል በዕቅድ ውስጥ መግባት የሚገባው ነው። ያልገባ እንደሆነ የቤተሰቡ ገቢ በወረቀት ላይ ሲያድግ የእናቲቱ ሥልጣን፣ ከዚያም ጋር የሕፃናቱ ምግብ ሊቀንስ ይችላል።

ባህል በበዓል ቀን ብቻ?

የአርሲ ሕዝብ ኑሮውን የሚመራባቸው የራሱ ተቋማት አሉት። የገዳ ሥርዓት በትውልድ ደረጃዎች የተከፈለ የአስተዳደርና የሕግ ሥርዓት ሲሆን፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሠፍሯል። ሲንቄ በሠርግ ቀን ለሙሽራዪቱ የምትሰጥ በትር ስትሆን የሴትነት ክብርና መብት ምልክት ናት፤ መብቷ የተነካባት ሚስት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል የቆሙ ሴቶችን አልፎ መማታት ነውር ነው። ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበትን ወይም ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ዘመድና ጎረቤት አዋጥተው የሚያቋቁሙበት ሥርዓት ነው። ሰፉ የሚባለው የግብረ ገብ ሥርዓትም በሰውና በሰው፣ በሰውና በተፈጥሮ መካከል ያለውን ወሰን ይደነግጋል።

የትምህርት ቤቱ አያያዝ ግን ብዙ ጊዜ እነዚህን ተቋማት ወደ ጌጥነት ይለውጣቸዋል። ገዳ የሥዕል ርእስ ይሆናል፤ ሲንቄ በበዓል ቀን ሴት ተማሪዎች ይዘዋት የሚሰለፉባት በትር ትሆናለች። በማግሥቱ በክፍሉ ውስጥ ጠብ ቢነሣ ማስታረቂያው የርእሰ መምህሩ አርጩሜ ይሆናል፤ የሥነ ዜጋ መምህሩም የሥልጣን ክፍፍልን ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አገር ያመጣል። ሥልጣን በስምንት ዓመት የሚለዋወጥበት ሥርዓት ልጆቹ በተወለዱበት ሕዝብ ዘንድ እያለ ሳይጠቀስ ይታለፋል። ይህ አቀራረብ ባህልን አከበረ አይባልም፤ ከሥራ አስወጥቶ በሙዚየም አስቀመጠ ቢባል ይቀላል።

በተመሳሳይ መንገድ የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት የቡሳ ጎኖፋን ስም ለአንድ መንግሥታዊ የርዳታ ተቋም ሰጥቷል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ብዙ ሕዝብንም ለመርዳት ያስችላል። ይሁን እንጂ በጎረቤት ፊት፣ ነገ ለእኔም ይደርሳል በሚል መተማመን የሚሰጥ ርዳታና በመዝገብ የሚሰበሰብ መዋጮ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስሙ ሲወሰድ ግንኙነቱም አብሮ መወሰዱን ማረጋገጥ የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ባህልን ያለ ምርመራ ማሞገስ ሌላ ስሕተት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በመግደሏ ተከስሳ በመጨረሻ ነፃ የወጣችበት ጉዳይ በመላው አገር ተሰምቷል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የቀረበው «ድፍረት» የተባለው ፊልምም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያድን የነበረውን የቀድሞውን ድንጋጌ አስቀርቷል። ጠለፋም ልማድ ተብሎ ይጠራ ነበር። ስለዚህ መምህሩ «ይህ ባህላችን ነውና ይጠበቅ» ወይም «ይህ ኋላ ቀር ነውና ይወገድ» በሚሉ ሁለት ጫፎች መካከል መፍረድ የሚያስችል መለኪያ ያስፈልገዋል። መለኪያውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። የሴትን ክብር የሚጠብቀው የሲንቄ ሥርዓት ከዚያው ሕዝብ የወጣ ነው፤ ጠለፋን በሲንቄ ሚዛን መመዘን፣ ማለትም ባህሉ ራሱን እንዲተች ማስቻል፣ ከሁሉ የተሻለ የሥነ ዜጋ ትምህርት ይሆናል።

ቋንቋው ተለወጠ፤ ይዘቱስ?

በቋንቋ ረገድ የተገኘው እርምጃ ከፍተኛ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ለብዙ ሺህ ጎልማሶች የንባብ ቋንቋ ሆኗል። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ ቁቤ ተመርጦ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። የአርሲ ሕፃን ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ቀን የመምህሩን ንግግር መረዳት መቻሉ በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው።

ነገር ግን የትምህርቱ ቋንቋ መለወጥ የትምህርቱን ይዘት በራሱ አይለውጥም። ከማዕከል የተነደፈ ትምህርት በቃል ብቻ ተተርጉሞ ከቀረበ ሕፃኑ በእናቱ ቋንቋ ስለ እናቱ ቤት ምንም ሳይማር ያልፋል። ጁሊየስ ኔሬሬ ካዱ በተቋቋመበት በዚያው በ1967 እ.ኤ.አ. «ትምህርት ለራስ መቻል» በሚለው ጽሑፋቸው ያነሡት ክስ ይህንኑ የሚመለከት ነበር፤ የገጠሩን ልጅ ከገጠሩ ለማሸሽ የተዘጋጀ ትምህርት አብዛኛውን ተማሪ የወደቀ አድርጎ ይቆጥራል ብለዋል። ወደ ኒውዚላንድ ብንመለከት ደግሞ የማኦሪ ሕዝብ በ1982 እ.ኤ.አ. «ኮሃንጋ ሬዎ» የተባሉትን የሕፃናት ማቆያዎች ሲከፍት ቋንቋውን ለማስተማር የተጠሩት አያቶች ነበሩ። አያቶቹ ከቋንቋው ጋር ዝምድናውን፣ መሬቱንና ሥነ ሥርዓቱን አብረው ይዘው ገቡ። ቋንቋና ይዘት ሳይለያዩ ወደ ክፍል የገቡበት ምሳሌ ይህ ነው።

የዘር ጉዳይ ይህን ያጎላዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ የመረጡት ገብስ በዓለም ላይ በልዩነቱ የታወቀ ነው፤ በካሊፎርኒያ ገብስን ያጠቃ የነበረውን ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዛሬ በአርሲ ደጋ ስንዴውና ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚቀርበው የቢራ ገብስ ለገበሬው ገንዘብ ያመጣሉ፤ ይህም መጠላት የለበትም። ሆኖም ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለገንፎና ለጠላ እየተለዩ ይዘሩ የነበሩት ዝርያዎች ከማሳው ሲጠፉ ስማቸውም ከልጆች አፍ ይጠፋል። የትኛው ገብስ ለምን እንደሚሆን አያት ለልጅ የምትነግርበት ዕውቀት የሥነ ሕይወት ትምህርት ነው፤ ይህን የማይጠይቅ የሥነ ሕይወት ክፍል ከደጃፉ ያለውን ቤተ ሙከራ ዘግቶ የተቀመጠ ነው።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 የብሔር ብሔረሰቦችን ቋንቋና ባህል የማሳደግ መብት፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍና ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍም ሀገር በቀል ዕውቀት በትምህርት ውስጥ እንዲገባ ያመለክታል። የቀረው ሥራ ይህን ወደ ዕለታዊ ተግባር መለወጥ ነው። ለዚህም የሚከተሉት እርምጃዎች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እያንዳንዱ ዕጩ መምህር በሚላክበት ቀበሌ የአካባቢ ጥናት እንዲያካሂድ ማድረግ ይኖርባቸዋል፤ የመሬቱን አጠቃቀም፣ የዝርያዎችን ስም፣ የሽማግሌዎችን የዕርቅ ሥርዓት መዝግቦ ለትምህርት ዝግጅቱ መነሻ ያድርገው። አገሩን ሳያጠና ክፍል የሚገባ መምህር ከመጽሐፉ ውጭ ምሳሌ የለውም።

ሁለተኛ፣ ዕውቀት ያላቸው አባቶችና እናቶች ወደ ክፍል ሲጠሩ እንደ እንግዳ ጌጥ ሳይሆን ለድካማቸው ተገቢው ክፍያ ተመድቦላቸው፣ በሳምንታዊው የትምህርት ድልድል ውስጥ ገብተው ሊያስተምሩ ይገባል። ሞፈርና ቀንበር የሚጠርብ አናጢ ስለ ማጎናና ስለ ኃይል ለሳይንስ መምህሩ ብዙ የሚነግረው አለ።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር የደጋውን የአዝመራ ወራት ያገናዘበ መሆን አለበት። ስንዴና ገብስ በሚታጨዱበት ጊዜ ከክፍል የሚቀረው ልጅ ሰነፍ ተደርጎ ይመዘገባል፤ በእውነቱ ግን ቤተሰቡን እየረዳ ነው። ፈተናንና አጨዳን በአንድ ሳምንት ማድረግ የዕቅድ ጉድለት ነው።

አራተኛ፣ ዕቅድ አውጪው የትምህርት ቤቱን ርቀት በልጁ እግር ሊለካ ይገባል። ከአሰላ አቅራቢያ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ሲሮጥም ደብተር የያዘ ይመስል አንድ ክንዱን አጥፎ እንደሚሮጥ በዓለም ተነግሯል። ታሪኩ ያኮራል፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ ሯጭ ሳይሆኑ ትምህርታቸውን የተዉት ልጆች፣ በተለይም ጠለፋን የሚፈሩ ሴቶች፣ በታሪኩ አይቆጠሩም። ይልቅስ ለመምህራን የሚበጀው ምሳሌ የበቆጂው ነው። የስፖርት መምህሩ ሥንታየሁ እሸቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ የልጆቹን ችሎታ አስተውሎ ካሠለጠናቸው መካከል ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የኦሊምፒክ ባለ ድል ሆነዋል። መምህሩ በልጆቹ ዘንድ ያለውን ዐይቶ ከዚያ ጀመረ እንጂ የሌላቸውን ከመቁጠር አልጀመረም።

ማጠቃለያ

የጭላሎ ልምድ የሚያስተምረው የስንዴ ምርት መጨመር ከንቱ መሆኑን አይደለም። ምርቱ ጨምሯል፤ ብዙ ቤትም ተመግቦበታል። የሚያስተምረው የሰዎችን ዕውቀት፣ የመሬት መብትና የማኅበር ሥርዓት ሳይቆጥር የተሠራ ሒሳብ ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰዎቹን ሊያጣ እንደሚችል ነው። በ1960ዎቹ የጠፉት ሰዎች ጢሰኞቹ ነበሩ። ዛሬ ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ በእናቱ ቋንቋ እያነበበ በመጽሐፉ ውስጥ የእናቱን ሥራ የማያገኘው ተማሪ ነው።

ስለሆነም አዲስ ዕቅድ ወይም አዲስ መጽሐፍ ከመጽደቁ በፊት ለአንድ ቀላል ፈተና ቢቀርብ መልካም ነው። ረቂቁ በአንድ የደጋ ቀበሌ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና መምህራን ፊት በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብ፤ ከነርሱ የተወሰደው ዕውቀት የትኛው እንደሆነ ይጠየቁ። «ይህ የእኛ ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ ነው፤ ይህኛው ይጎዳናል» ብለው ለይተው ሊያሳዩ ከቻሉ ረቂቁ ለሥራ ደርሷል። ሊለዩ ካልቻሉ ግን ጽሑፉ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ እንደገና ይሠራ።